«ከሚገባው በላይ ውድ»፦ የሳሎን ጌም ኮምፒውተር ዋጋ ሲመረመር

በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዜና አጻጻፍ ክፍለ ጊዜያችን መምህራችን ስለ አንድ የሚሸጥ ዕቃ አጭር ጽሑፍ እንድናዘጋጅ አዘውን ነበር። እኔም «ለሳሎን ተብለው ተገጣጥመው የሚሸጡ የጌም ኮምፒውተሮች ከሚገባው በላይ ውድ ናቸው» ብዬ የጀመርኩትን ወረቀት አስረከብኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ «ከሚገባው» የምትለዋ ቃል በቀይ እስክሪብቶ ተከባለች። ከጎኗ የተጻፈው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ማን ወሰነው?»

እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። ርዕሱን የመረጥኩት ለማርክ ብቻ አልነበረማ። ታላቅ ወንድሜ የቤታችንን ሳሎን በመንገድ በኩል በር አስከፍቶ ጌም ቤት ካደረገው ሦስት ዓመት ሆኖታል። (እንግዳ ሲመጣ መኝታ ቤት ነው የምናስቀምጠው፤ እናቴ ነገሩ እስካሁን አልተዋጠላትም።) ሁለት አሮጌ ፕሌይስቴሽኖች አሉት፤ አንደኛው ሲሞቅ በጨዋታው መሐል ድርግም ይላል፤ ያኔ ተጫዋቾቹ ብራችን ይመለስ ይላሉ። በዚያ ሰሞን ወንድሜ እቁብ ደረሰው። ቨርጂኒያ የምትኖረው የአክስታችን ልጅ ደግሞ ለገና ልትመጣ ስለነበር «ምን ይዤ ልምጣ?» ብላ ጠየቀች። እሱም ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ፣ ከጫማ ካርቶን ብዙም የማይበልጥ፣ ጌም የሚያጫውት ጥቁር ኮምፒውተር እንድትፈልግለት ነገራት። ፎቶ ላከች፤ ዋጋው 900 ዶላር ነው።

ወንድሜ ስልኩን ወደኔ አዙሮ «አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ እንዴ? አጣሪና ንገሪኝ» አለኝ። 900 ዶላር ለእኛ ቤት ቀልድ አይደለም። እንደምታስታውሱት የምንዛሪ ተመኑ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ሳንቲም ያልጨመረ የአሜሪካ ዕቃ ከ51 ሺህ ብር ተነስቶ 90 ሺህን ዘለለ ማለት ነው። ስለዚህ የመምህራችንን ጥያቄ ለክፍል ብቻ ሳይሆን ለቤትም መመለስ ነበረብኝ። ይህ ጽሑፍ በዚያ ፍለጋ ያገኘሁትን ለማካፈል የቀረበ ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገርየው ምንድን ነው?

ጌም ለመጫወት ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው እንደ ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ያለ ኮንሶል ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል፣ ጆይስቲክ ይያዛል፣ ጨዋታ ይጀመራል። ሁለተኛው ኮምፒውተር ነው፤ ጠረጴዛ፣ ኪቦርድና ማውዝ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ጌሙን ከዘጉት በኋላ ደብዳቤም ይጻፍበታል። የሳሎን ጌም ኮምፒውተር የሚባለው ሁለቱን ለማጋባት የተሞከረበት ዕቃ ነው። ውስጡ ኮምፒውተር፣ ውጪው ኮንሶል። ፋብሪካ ወይም ሱቅ ገጣጥሞ፣ በትንሽ ሳጥን አሽጎ፣ ጆይስቲክ ጨምሮ ይሸጠዋል።

እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው። የሳጥኑን የውስጥ ዕቃዎች ዝርዝር አወጣሁ፦ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ባለ 8 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ቀፎ። የእያንዳንዱን ዋጋ ከአሜሪካ ሱቆች ፈልጌ ደመርኩ። 760 ዶላር መጣ። 900 ሲቀነስ 760፣ ልዩነቱ 140 ዶላር። «ለመገጣጠሚያ ብቻ 140 ዶላር! ዘረፋ ነው!» ብዬ ጻፍኩ። ያቺ የተከበበችው «ከሚገባው» የመጣችው ከዚህ ድምር ነበር። ሚዛኑን ያስቀመጥኩት እኔው ራሴ ነኝ ማለት ነው፤ ሌሎች ሚዛኖች መኖራቸውን ግን አላሰብኩም ነበር።

የ2015ቱ ሳጥን

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለው መማሪያ የሆነኝ ስቲም ማሽን የተባለው ሙከራ ነው። ታሪኩን ላላወቃችሁት ባጭሩ ላውጋችሁ።

ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ስቲም የተባለውን የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ከፈተ። በዚያ መደብር የሚሸጠው ጌም ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሠራው በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ላይ ነበር። በ2012 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 8ን ሊያወጣ ሲል የራሱን መደብር አብሮ ይዞ መጣ። የቫልቭ ኃላፊ ጌብ ኒዌል፣ ራሱ ለ13 ዓመት ማይክሮሶፍት ውስጥ የሠራ ሰው ነው፣ አዲሱን ዊንዶውስ ለኮምፒውተር ዓለም ጥፋት እንደሆነ በአደባባይ ተናገረ። የፍርሃቱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሌላ ሰው መሬት ላይ ሱቅ የሠራ ነጋዴ የመሬቱ ባለቤት ጎኑ ሱቅ ሲከፍት እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ ቫልቭ በሴፕቴምበር 2013 በሊነክስ ላይ የተመሠረተ ስቲም ኦኤስ የተባለ የራሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ስቲም ማሽን የተባሉ የሳሎን ኮምፒውተሮችን፣ እንዲሁም ልዩ ጆይስቲክ እንደሚያወጣ አስታወቀ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሳጥኑ የተፈጠረው የሳሎን ተጫዋች ስለጎደለው ነገር ብቻ አይደለም። ከጀርባው የኩባንያ የፖለቲካ ጉዳይ ነበረ። እኔ ስለ ዋጋው ስጽፍ ይህንን አንድም ቦታ አላነሳሁም ነበር።

ሳጥኖቹን የሚሠራው ቫልቭ ሳይሆን ሌሎች ኮምፒውተር አምራቾች ነበሩ። በጃንዋሪ 2014 ላስ ቬጋስ በተደረገው የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ ከአሥር የሚበልጡ ሞዴሎች ቀረቡ። ዝቅተኛው 499 ዶላር ሲሆን ከፍተኛው እስከ 6,000 ዶላር ይደርሳል። አንድ ስም፣ አሥራ ሁለት እጥፍ የዋጋ ልዩነት! ወላጅ ልጁን «ስቲም ማሽን ግዛልኝ» ሲለው የትኛውን ነው የሚገዛው? ኮንሶል የሚገዛ ሰው እኮ አንዱ ጥቅሙ አለመምረጡ ነው፤ ስሙን ይጠራል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል።

ነገሩ ዘገየ። ዋናው አምራች የዴል ኩባንያ የሆነው አልየንዌር ስቲም ኦኤስ አልደርስ ሲለው ሳጥኑን በኖቬምበር 2014 በዊንዶውስ ጭኖ አልፋ በሚል ስም በ549 ዶላር ሸጠው። ስቲም ማሽን የሚለውን ስም የያዙት ሳጥኖች ገበያ የወጡት በኖቬምበር 2015 ነው። የአልየንዌር ዝቅተኛው 449 ዶላር ነበር፤ ኮር አይ3 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ።

ይህ 449 ዶላር ውድ ነው ወይስ ርካሽ? ዕቃዎቹን ለየብቻ ገዝቶ ለሚደምር ሰው ርካሽ ባይባልም መጥፎ አልነበረም፤ ያንን ያህል ትንሽና ጸጥ ያለ ኮምፒውተር በቤት መገጣጠም ቀላል አይደለምና። ነገር ግን በዚያው ወር ፕሌይስቴሽን 4ም ኤክስቦክስ ዋንም አሜሪካ ውስጥ በ350 ዶላር ገደማ ይሸጡ ነበር። መቶ ዶላር ጨምሮ የከፈለ ሰው ምን አገኘ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ስቲም ኦኤስ የዊንዶውስ ጌሞችን አያጫውትም ነበር፤ ለሊነክስ ተብለው የተዘጋጁትን ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ በወቅቱ 1,500 ገደማ ሲሆኑ ስቲም ላይ ለዊንዶውስ ከነበሩት ሲሶ አይሞሉም፤ ትልልቆቹና ሰው የሚጠይቃቸው ብዙዎቹ የሉበትም። አርስ ቴክኒካ የተባለው የቴክኖሎጂ መጽሔት በዚያው በኖቬምበር 2015 አንድ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ስቲም ኦኤስንና ዊንዶውስ 10ን በየተራ ጭኖ ሁለቱም ላይ የሚሠሩ ጌሞችን ለካ። በስቲም ኦኤስ በኩል በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት እንደ ጌሙና እንደ ቅንብሩ ከ21 እስከ 58 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ጌም ማለት በሴኮንድ 30 ወይም 60 ጊዜ እየተሳለ የሚቀያየር ሥዕል ነው። በሴኮንድ 60 ከሆነ አንዱ ሥዕል ለ17 ሚሊሴኮንድ ያህል ብቻ ይቆያል፤ 30 ከሆነ ለ33። ቁልፉን ስትጫኑና ኳሷ ስትመታ ያለው ክፍተት የሚሰማችሁ በዚህ ነው። የኛ ጌም ቤት ልጆች ቁጥሩን ባያውቁትም «ይጎተታል» ይሉታል።

ስለዚህ ገዢው ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተቀጣ። ኮምፒውተር ስለሆነ የኮምፒውተር ዋጋ ከፈለ፤ የኮምፒውተሩን ጌሞች ግን አላገኘም። ኮንሶል ስለሚመስል ተመቸው፤ ኮንሶሉ ላይ ያሉት ጌሞች ግን የሉም። በ2018 ጸደይ ቫልቭ ስቲም ማሽን የሚለውን ክፍል ከመደብሩ የፊት ገጽ አነሳው፤ ሲጠየቅም ሽያጩ እንዳልሞቀ አምኗል።

እዚህ ላይ ወዳጆቼ «በቃ፣ ውድ ነበር ማለት ነው» ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ወደ መምህራችን ጥያቄ ስመለስ ሌላ ነገር አየሁ። ያ 449 ዶላር 350 ቢሆን ኖሮስ? ጨዋታው የሌለውን ሳጥን መቶ ዶላር ቀንሳችሁ ብትሸጡትም ጨዋታው አይኖረውም።

ቀሪውን ማን ይከፍላል?

ሁለተኛው ያልገባኝ ነገር የኮንሶል ዋጋ ነው። እኔ የኮንሶልን ዋጋ እንደ «ትክክለኛ» ዋጋ ወስጄ ሌላውን በሱ መለካቴ ስህተት ነበር። ሶኒ በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ሲያወጣ ባለ 20 ጊጋባይቱን በ499 ዶላር ሸጠው። አይሰፕላይ የተባለ የገበያ ጥናት ድርጅት ሳጥኑን ፈትቶ ዕቃዎቹን ሲገምት ወደ 806 ዶላር አገኘ። አንዱን ሳጥን በሸጠ ቁጥር ከ300 ዶላር በላይ እየከሰረ ማለት ነው! ሁሉም ኮንሶል እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሶኒ ራሱ በኦገስት 2021 የ499 ዶላሩ ፕሌይስቴሽን 5 ኪሳራ እንዳቆመ ተናግሯል። ዋናው ነጥብ ግን የኮንሶል ሻጭ ትርፉን ሳጥኑ ላይ መፈለግ የለበትም። በኋላ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ጌም ድርሻውን ይወስዳል፤ አብዛኞቹን የሚከፈልባቸው ጌሞች ከሌላ ሰው ጋር በኢንተርኔት ለመጫወትም ዓመታዊ ክፍያ ያስከፍላል። የሶኒ ዝቅተኛው ክፍያ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በዓመት 80 ዶላር ነው። አምስት ዓመት ስትጫወቱ 400 ዶላር፤ ሌላ አንድ ሳጥን በሉት።

የኮምፒውተር ገጣጣሚ ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም። ሳጥኑን ከሸጠ በኋላ እናንተ ጌሙን የምትገዙት ከስቲም ነው፤ ከዚያ ሽያጭ እሱ አምስት ሳንቲም አያገኝም። ስለዚህ ትርፉን ከነሙሉነቱ ዛሬ፣ ሳጥኑ ላይ ይወስዳል። በሌላ አነጋገር ኮንሶል ዋጋውን በብድር ያስከፍላችኋል፤ የሳሎን ኮምፒውተር በእጅ በእጅ። ቫልቭ በኖቬምበር 2025 በራሱ ስም የሚሠራ አዲስ ስቲም ማሽን (ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኩብ ነው) ሲያስታውቅ ዋጋውን አልተናገረም፤ እንደ ኮንሶል ደጉሞ እንደማይሸጠውና ዋጋው ተመሳሳይ ጉልበት ካለው ኮምፒውተር ጋር እንደሚቀራረብ ግን ሰዎቹ ገልጸዋል። ለእኔ ይህ ከሁሉም በላይ አስገራሚ ነው፤ ቫልቭ ከሌሎቹ ገጣጣሚዎች የሚለየው ከጌሙ ሽያጭ ድርሻ የሚወስደው ራሱ ስለሆነ መደጎም ይችል ነበር። አልፈለገም። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ ሳጥኑ ሙሉ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ በኪሳራ ቢሸጠው ጌም የማይገዛ መሥሪያ ቤት ለጽሕፈት ሥራ መቶውን ባንድ ጊዜ ሊያነሳው ይችላል።

ሦስተኛውን ትምህርት ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። የመጀመሪያ ወረቀቴን ከመለስኩ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ ዲሴምበር ላይ፣ ያንኑ የዕቃ ዝርዝር ደግሜ ደመርኩት። ድሮ 760 የነበረው 875 ሆኖ ቁጭ! የተለወጠው በዋናነት ራሙ ነው፤ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩት ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት የማስታወሻ ቺፕ እየጠራረጉ ስለሚገዙ ለተራው ሰው የሚተርፈው አነሰ። ማይክሮን የተባለው አምራች በዚያው ወር ክሩሻል በሚለው ስም ለተጠቃሚዎች የሚሸጠውን ራም ጨርሶ እንደሚያቆም አስታውቋል። የኛ ጥቁር ሳጥን ግን ከጭማሪው በፊት የተገጣጠመ ስለሆነ ሱቁ ውስጥ እንደ ነበረ 900 ዶላር ነው። «ዘረፋ» ያልኩት 140 ዶላር በአንድ ወቅት ውስጥ 25 ዶላር ሆነ። ሻጩ ምንም አላደረገም፤ እኔም ምንም አላደረግኩም።

ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። በ2020 መጨረሻ 699 ዶላር ተብሎ የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3080 ግራፊክስ ካርድ በ2021 በእጥፍና ከዚያ በላይ ሲቸበቸብ ነበር፤ ለክሪፕቶ ማምረቻ ተፈልጎ። ያኔ ብዙ ሰው ካርዱን ለማግኘት ሲል የተገጣጠመ ኮምፒውተር ገዝቷል። ገጣጣሚ ኩባንያ በጅምላ፣ ቀደም ብሎ ስለሚገዛ እንዲህ ባለ ጊዜ ያሸንፋል፤ ገበያው ሲረጋጋ ደግሞ ቤቱ የሚገጣጥመው ሰው ያሸንፋል። ስለዚህ «የተገጣጠመ ውድ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ቀን ካልተጻፈበት ዜና አይባልም። ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ስነግር ሳቁብኝ፤ ግን እስቲ ባለፈው ዓመት የጻፋችሁትን የዋጋ ዜና አውጥታችሁ እዩት።

ወደ እኛ ሳሎን ስንመለስ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የአሜሪካ ሳሎን ነው። እዚያ ሳጥኑ ቢበላሽ ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ዋስትና አለው። ለዚያ ሰው፣ በተለይ ጠመንጃ መፍቻ ይዞ ቅዳሜውን ማሳለፍ ለማይፈልግ ሰው፣ መቶና መቶ ሃምሳ ዶላር ለጸጥታና ለዋስትና ቢከፍል አልፈርድበትም። የመጀመሪያ ወረቀቴ ላይ ፈርጄበት ነበር።

ወንድሜ ሁሉንም ካዳመጠኝ በኋላ የጠየቀኝ ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፦ «ኳስ ይጫወታል?» ሁለተኛ፦ «ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?»

የመጀመሪያው ቀላል መስሎኝ ነበር። ጌም ቤታችን የሚኖረው በኳስ ነው፤ ከአሥር ተጫዋች ዘጠኙ የሚጠይቀው ድሮ ፊፋ የሚባለውን፣ ከ2023 ወዲህ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የተባለውን ጨዋታ ነው። ኮምፒውተር ላይም አለ፣ ስቲም ላይም ይሸጣል። ስመረምር ግን ኢኤ ከፊፋ 23 ጀምሮ በኮምፒውተሩ ቅጂ ላይ ያስገባው አጭበርባሪ መከላከያ ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ እንደሆነና ሊነክስ ላይ ጨዋታውን እንደማያስነሳው አወቅሁ። ከ2018 ወዲህ ቫልቭ ፕሮቶን በተባለ ፕሮግራም አማካይነት እጅግ ብዙ የዊንዶውስ ጌሞችን ሊነክስ ላይ ማስኬድ ችሏል፤ በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ የተባለው የእጅ ኮምፒውተር የተሳካለትም በዚህ ነው። የኛ ሰፈር ልጆች የሚፈልጓት አንዲት ጨዋታ ግን ከዚያ ውጪ ናት። የአክስታችን ልጅ ያገኘችው ሳጥን ዊንዶውስ የተጫነበት ስለሆነ ተረፍን እንጂ፣ ስቲም ኦኤስ ያለበትን በደስታ ብናስመጣ ኖሮ ወይ ዊንዶውስ ልንጭንበት፣ ወይ ልጆቹን እሽቅድምድም ልናስለምድ ነበር። በ2015 የነበረው ችግር በአሥር ዓመት ውስጥ ጠብቦ ጠብቦ የቀረችው ቀዳዳ ልክ የእኛ በር ላይ መሆኗ አሳቀኝም አናደደኝም።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ይህን ሁሉ ንባቤን ገለበጠው። ጎረቤታችን ከዓመታት በፊት ከአሜሪካ የመጣለትን ኮምፒውተር ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀይ ማብሪያ ከ115 ወደ 230 ሳያዞር ሰክቶት «ጧ!» ብሎ ሲቃጠል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሆኖም የእሱ መደበኛ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ስለነበር መርካቶ ሄዶ ሌላ ገዝቶ ገጠመ፤ ማዘርቦርዱም ተርፎለት ስለነበር በነጋታው ሠራ። አዲሶቹ ብዙዎቹ ቮልቴጁን ራሳቸው ይለያሉ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚመታውን ግን የሚለይ የለም። እናም ለአክስታችን ልጅ ደውዬ «እባክሽ ሱቁ ውስጥ የተከፈተ ካለ የውስጡን ፎቶ ላኪልኝ» አልኳት። እሷም ሳትሰለች ላከች።

ፎቶውን ኮምፒውተር ለሚጠግነው ለወንድሜ ጓደኛ አሳየሁት። ጣቱን ፓወር ሰፕላዩ ላይ አድርጎ «ይሄ የራሱ ነው» አለ። መጠኑም፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ጫፍም ኩባንያው ለራሱ ብቻ ያሠራው ነው፤ ሌላ አይገባበትም። ማዘርቦርዱም እንደዚያው፤ ቀፎው ሌላ አይቀበልም። ሳጥኑ ያን ያህል ያነሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትንሽነቱን የገዛው መለዋወጫውን ሸጦ ነው። ግራፊክስ ካርዱ እንኳ መደበኛ ነበር፤ የ2014ቱ አልየንዌር አልፋ ላይ ግን ግራፊክሱ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለነበር ፕሮሰሰሩንና ራሙን መቀየር ይቻል እንጂ እሱን መንካት አይቻልም ነበር። ባጭሩ ያ 40 ወይም 50 ዶላር የሚያወጣ ፓወር ሰፕላይ ከተቃጠለ፣ ሌላ ሰው ከአሜሪካ እስኪመጣ ድረስ ጌም ቤቱ አንድ ማጫወቻ ያጣል። ለእኛ የሳጥኑ ዋጋ 900 ዶላር ሲደመር የጥበቃው ወራት ነው።

ታዲያ «ውሰድ» ነው ወይስ «ተው» ያልኩት? «ተው» አልኩት። ስላልተቀመጠችበት ሚዛን ሳይሆን፣ ስለዚያች ፓወር ሰፕላይ። አሁን ከ900ው ውስጥ የትኛው ዶላር ለማን እንደሚሄድ፣ የትኛው ለእኛ እንደማይሠራ ላስረዳው እችል ነበርና አስረዳሁት። እሱም ትንሽ አሰበና ኮንሶል ልግዛ አላለም፤ እኔ ያላየሁትን አየ። «ጠዋት ጠዋት እኮ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው» አለኝ። ኮንሶል ከረፋድ በፊት እንቅልፉን ይተኛል፤ ኮምፒውተር ግን ሲቪ ይተይባል፣ ፎርም ይሞላል፣ ፕሪንት ያደርጋል። ኮምፒውተር የመሆኑን ተጨማሪ ዋጋ የሚመልሰው ጌሙ ሳይሆን ጠዋቱ ነው። ይህን ስሌት በየትኛውም የጌም መጽሔት ላይ አላገኘሁትም።

በመጨረሻ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አንድ ያገለገለ ትልቅ ባለ መደበኛ ቀፎ የቢሮ ኮምፒውተር ገዛ፤ ፓወር ሰፕላዩን በሚበልጥ ቀየረው፣ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ጨመረበት። የአክስታችን ልጅ ሁለት ጆይስቲክና ለእናቴ ሽቶ ይዛ መጣች። ኮምፒውተሩ ከሳጥኑ በጉልበት ያንሳል፣ ኳሱ ላይ አንዳንዴ ይጎተታል፣ ከቴሌቪዥን ሥር አልገባ ስላለ አናጢ ተጠርቶ መደርደሪያው ተቆርጧል። ሲጮህ ደግሞ የወፍጮ ቤት ነው። ወንድሜ ጩኸቱን ለመሸፈን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ እናቴ ከጓዳ ሆና «ኧረ ቀንሱ!» ትላለች። ጥር ላይ የአንድ ጎረምሳ እግር ገመዱን ጠልፎት ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል ግን በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ጌም ቤቱ ተከፍቶ ነበር።

ወረቀቱን አስተካክዬ መለስኩት። አሁን የሚጀምረው «በዲሴምበር 2025 አሜሪካ ውስጥ በ900 ዶላር የሚሸጥ አንድ የሳሎን ጌም ኮምፒውተር ዕቃዎቹ ለየብቻ ቢገዙ ከሚያወጡት በ25 ዶላር ይበልጣል» ብሎ ነው። መምህራችን ይህኛውን አልከበቡትም፤ «አንድ» የምትለውን ቃል ግን አስምረውባት «ስንት ሞዴል አየሽ?» ብለውኛል። ያየሁት አንድ ነው። የሚቀጥለው ሴሚስተር ጽሑፌ እሱ ይሆናል።